የሐዘን ግጥም ይዛችሁ ሙዚቃ ልትጽፉ ነው? ከትንፋሹ ጀምሩ

መጀመሪያ ግጥሙን ጮክ ብላችሁ አንብቡት። አንዴ አይደለም፣ ሃያ ጊዜ። የኖታ ወረቀቱ ይቆይ። እኔ እዚሁ ጎንደር የመጀመሪያ ድርሰቴን ስጽፍ ይህን አላደረግኩም፤ ግጥሙ ስለ ሞት ስለሆነ ብቻ ከመነሻው እስከ መጨረሻው ዝግ ያለ፣ ወፍራም፣ የሚያለቅስ ነገር አደረግኩት። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሙሾ ሲያወርዱ የኖሩ አንዲት የሰፈራችን እናት አዳመጡትና «ልጄ፣ የት ጋ ነው የምትተነፍሰው?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ሙሾ አውራጅ ስንኟን ትጥልና ዝም ትላለች። ሰው አንጀቱ የሚላወሰው በዚያች ዝምታ ነው።

ስለዚህ እርሳስ ያዙና መተንፈሻውን ምልክት አድርጉ። የአማርኛ ግጥም ለዚህ ይመቻል፤ ቤቱ ራሱ የት እንደሚቆረጥ ይነግራችኋል። ሰንጎ መገን የሚባለው ቤት ከሆነ አምስት አምስት ቀለም (ክፍለ ቃል) ነው፣ 5/8 ምት ላይ ይቀመጣል። የወል ቤት ስድስት ስድስት ነው፣ 6/8 ይስማማዋል። ግን ሙሉውን በዚያ አትንዱት፣ እስክስታ ይሆንባችኋል። ግጥሙ የሚጨልምበት ስንኝ ላይ ስትደርሱ በሁለቱ ሐረጎች መካከል አንድ ሙሉ ሜዠር (አንድ ሙሉ የምት ዙር) ዕረፍት አስገቡ።

ቀጥሎ ጥብቀትና ላልነት። ይህ ሲዘነጋ በጣም ያሳዝነኛል። «ልጄ አለ» የሚል ስንኝ አለ እንበል። «ለ» ከላላ ልጁ ተናገረ ማለት ነው፣ ከጠበቀ ልጁ በሕይወት አለ። በሐዘን ግጥም ውስጥ ይህ ቀላል ነገር አይደለም! ሲጠብቅ የ«አ»ን ኖታ አሳጥሩና ድምፁ «ል» ላይ ትንሽ ይረፍ፤ ሲላላ ሳትቆሙ እለፉት። ገጣሚው ሁለቱንም አስቦ ከሆነ ደግሞ ስንኙን ድገሙት፣ መጀመሪያ አጥብቃችሁ፣ በሁለተኛው አላልታችሁ። ወርቁ ያኔ ይወጣል።

ቅኝት ላይ፣ ሐዘን ሲባል ሁሉም ትዝታን ይመዛል። ለእኔ ትዝታ ናፍቆት ነው። ለጨለማ ግጥም አንቺሆዬን እመርጣለሁ፤ ከሲ (C) ከተነሳ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ ነው። ሁለት ቦታ ላይ የግማሽ ድምፅ ጥበት አለው፣ ሲና ዲ ፍላት፣ ኤፍና ጂ ፍላት። ተከታትለው ሲመጡ ጆሯችን የለመዳቸው ናቸው፣ አንድ ላይ ሲጮኹ ግን ቆዳ ይቆረፍዳል። ይህን ግጭት ለአንድ ቃል ብቻ አስቀምጡት። የትኛው ቃል እንደሆነ ሃያ ጊዜ ያነበበ ሰው ያውቀዋል።

ትልቅ ኦርኬስትራ አያስፈልግም። ኦስትሪያዊው የሙዚቃ ደራሲ አርኖልድ ሾንበርግ በ1912 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 21 ግጥሞችን ይዞ «ፒዬሮ ሉኔር»ን ሲጽፍ የተጠቀመው አንድ ድምፅና አምስት ተጫዋች ነው። ድምፁም በንግግርና በዘፈን መሃል ነው የሚሄደው። ቀረርቶ ሰምቶ ላደገ የጎንደር ሰው ይህ እንግዳ አይሆንበትም፤ ዘፋኛችሁን «እንደ ቀረርቶ፣ ግን በሹክሹክታ» በሉት፣ ይገባዋል።

እኔ አንድ ድምፅ፣ ማሲንቆ፣ ዋሽንትና ቼሎ እወዳለሁ። ማሲንቆ አንድ ክር ነው ያለው፣ ሁለት ኖታ አንድ ላይ አትጻፉለት። ዋሽንት ነፊው ለአንቺሆዬ የሚሆነውን ዋሽንት ይዞ እንዲመጣ ቀደም ብላችሁ ንገሩት። አዝማሪው ኖታ የማያነብ ከሆነ ክፍሉን በስልካችሁ ቀድታችሁ ላኩለት፣ በጆሮው ከእናንተ ቀድሞ ይይዘዋል። ለቅሶ ቤት ሄዳችሁ ሙሾ መቅዳት ካማራችሁ ግን ሳታስፈቅዱ እንዳትሞክሩት። የሰው ሐዘን ነው።

ድርሰቱ እየከበደ ሲሄድ መሣሪያ መጨመር ያምራችኋል። ቀንሱ። በዐቢይ ጾም ከበሮና ጸናጽል ሲቆሙ እዚሁ ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ሄዳችሁ ዜማውን ብትሰሙ የምለው ይገባችኋል። መጀመሪያ ዋሽንቱ ይውጣ፣ ከዚያ ቼሎው፣ የመጨረሻውን ስንኝ ድምፁ ብቻውን ይበለው። ከእሱ በኋላ ሁለት ባዶ ሜዠር ጻፉ፤ ማሲንቆ መቺውም እነዚያ እስኪያልቁ ደጋኑን ከክሩ ላይ እንዳያነሳ ንገሩት።