በደሴና በኮምቦልቻ የአስምን ስርጭት ስንለካ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደሴ 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ጦሳ ተራራ ሥር ያለች ብርዳም ከተማ ናት። 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ሲወርዱ ደግሞ ሞቅ ያለችው፣ ፋብሪካ የበዛባት ኮምቦልቻ ትገኛለች። የአስም ስርጭት፣ ማለትም ከመቶ ነዋሪ የታመመው ቁጥር፣ የሚበልጠው የትኛዋ ላይ ነው? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ጤና ጣቢያዎች ምን ያህል መድኃኒት መያዝ እንዳለባቸው የምናውቀው በዚህ ነው። ቤት ለቤት ጥናት ለምትወጡ ሁሉ፣ ቁጥሩን ከሥሩ የሚያበላሹትን ስህተቶች ልንገራችሁ።

የሆስፒታል ካርድ ቆጥሮ «የከተማው ስርጭት» ማለት

ደሴ ለመታከም የሚመጣው የከተማው ሰው ብቻ አይደለም፤ ከወረኢሉም፣ ከኩታበርም፣ ከሐይቅም ይመጣል። በአንጻሩ ሲያፍነው ከመድኃኒት ቤት ቬንቶሊን (የሚነፋ የአስም መድኃኒት) ገዝቶ የሚያልፈው የሰኞ ገበያ ነዋሪ ካርድ የለውም። የታመሙትን ከአንድ ሕዝብ ቆጥሮ ለሌላ ሕዝብ ማካፈል ስርጭትን አይሰጥም።

«ሐኪም አስም አለብህ ብሎሃል?» ብቻ ብሎ መጠየቅ

ይህ ጥያቄ የሚለካው በሽታውንም ሐኪም ማግኘትንም አንድ ላይ ነው። ሆስፒታል ደጃፍ የሚኖር ሰው «አዎ» የማለት ዕድሉ ይበልጣል። በዚያ ላይ ለመዳር የደረሰች ልጅ ያላት እናት፣ ጎረቤት አጠገብ ቆሞ እየሰማ የበሽታውን ስም አትጠራም። እ.ኤ.አ. በ1991 የተጀመረው ዓለም አቀፉ የልጆች አስምና አለርጂ ጥናት የ13 እና የ14 ዓመት ልጆችን ከበሽታው ስም በፊት ስለ ምልክቱ የጠየቀው ያለ ምክንያት አይደለም፦ ባለፉት 12 ወራት ስትተነፍሱ ደረታችሁ ውስጥ ሲር ሲር የሚል ድምፅ ነበር? የታመመ ሰው ሲተነፍስ የሚያሳይ ቪዲዮም ተዘጋጅቶለት ነበር። እናንተም ድምፁን ቀድታችሁ በስልክ ብታሰሙ፣ ሳይነስ ያለበት ሰው የአፍንጫውን መታፈን ከደረቱ ጋር አይቀላቅልባችሁም።

«ባለፈው ዓመት» ማለት

ጥቅምት ላይ «ባለፈው ዓመት አሞህ ነበር?» ብትሉ፣ ብዙ ሰው በጳጉሜን ያለቀውን ዓመት ነው የሚያስበው። መስከረም ላይ ያፈነው ሁሉ ከቁጥሩ ወጣ ማለት ነው። «ባለፉት 12 ወራት» በሉና ቀኑን በሚያስታውሱት ነገር እሰሩት፤ ጥር ላይ ከሆነ «ከአምናው ጥምቀት ወዲህ» ይበቃል። ረመዳንን መነሻ ስታደርጉ ግን የሂጅራ ዓመት በ11 ቀን ገደማ እንደሚያጥር አትርሱ።

የናሙናን መጠን በልማድ ማስላት

ደጋግሜ የማየው ስህተት ይህ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልጻፈው። ብዙ ተመራቂዎች የስህተት ህዳጉን (ግምቱ ወደ ላይም ወደ ታችም ሊስት የሚችልበትን መጠን) 5 በመቶ አድርገው ቀመሩ ውስጥ ያስገባሉ፤ ከእነሱ በፊት የነበሩትም እንዲሁ ስላደረጉ። የሕዝቡን ግማሽ ለሚነካ ጉዳይ ያስኬዳል። የአስም ስርጭት ግን 5 በመቶ ይሆናል ብለን ብንገምት፣ ቀመሩ በ95 በመቶ እርግጠኝነት 73 ሰው ይበቃችኋል ይለናል። ውጤቱ «ከዜሮ እስከ 10 በመቶ» ይሆናል፤ በዚህ ምንም ማቀድ አይቻልም። ህዳጉን ወደ 2 በመቶ ስናጠበው 457 ሰው ያስፈልጋል። ቀበሌ መርጠን ከዚያ ቤቶችን የምናወጣ ከሆነ ደግሞ የአንድ ሰፈር ሰዎች ስለሚመሳሰሉ ቁጥሩን ማብዛት የግድ ነው፤ በ2 ብናባዛው 914። ይህ ለአንድ ከተማ ነው። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን ትንሽ ልዩነት ለመለየት ስሌቱ ሌላ ነው፤ ከዚህም ይበልጣል።

ቤት የተገኘውን ሰው ብቻ መጠየቅ

ረፋድ ላይ ኮምቦልቻ ቤት የምታገኙት እናቶችንና ሽማግሌዎችን ነው። የፈረቃ ሠራተኛው ፋብሪካ ነው ወይ የሌሊቱን እንቅልፍ እየተካ ነው። ማታና እሁድ ተመለሱ። ፋብሪካ ገብቶ ሠራተኛ መጠየቅም ብቻውን መፍትሔ አይሆንም፤ አቧራው ያፈነው ሰው ሥራውን ትቶ ሄዷል፣ የቀረው ጤነኛው ነው። የቀድሞ ሠራተኞችን ቤታቸው ፈልጓቸው። የጥጥ ብናኝ የሚያመጣው የሳንባ ሕመም ደግሞ ከእረፍት ቀን በኋላ በመጀመሪያው የሥራ ቀን ይብሳል፤ ስለዚህ የሚያፍነው በየትኛው ቀን እንደሆነ ሳትጠይቁ አስም ብላችሁ አትመዝግቡት።

ያፈነውን ሁሉ አስም ማለት

ዕድሜ ልካቸውን በእንጨትና በኩበት ጭስ ላይ እንጀራ የጋገሩ እናት ትንፋሽ ሲያጥራቸው ችግሩ ሌላ፣ የማይመለስ የአየር ቧንቧ መጥበብ ሊሆን ይችላል። የአውሮፓው የአዋቂዎች የአስም ጥናት ከ20 እስከ 44 ዓመት ባሉ ሰዎች ላይ ማተኮሩ ይህን መደባለቅ ለመቀነስም ይረዳል። የሳንባ መለኪያ ካላችሁ፣ የአየር ቧንቧን የሚከፍተው መድኃኒት ከተነፋ በኋላ በመጀመሪያው ሰከንድ የሚወጣው አየር ቢያንስ በ12 በመቶና በ200 ሚሊ ሊትር ከጨመረ አስምን ይደግፋል። አለመጨመሩ ግን አስም የለም አያሰኝም፤ ባልተነሳበት ቀን ልኬቱ ደህና ሊሆን ይችላል።

ደሴን በክረምት፣ ኮምቦልቻን በበጋ መጠየቅ

ሰው በደንብ የሚያስታውሰው የቅርቡን ሕመም ነው፤ ሐምሌ ላይ በጉምና በዝናብ መሃል የተጠየቀና ጥር ላይ የተጠየቀ ሰው እኩል አይመልሱም። እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመው የጅማ የአስም ጥናት ከተማውንና የገጠሩን ሕዝብ ጎን ለጎን ጠይቆ ነው ያወዳደረው። እናንተም ጠያቂዎቻችሁን በየከተማው አትከፋፍሏቸው፤ ሁሉም በተመሳሳይ ሳምንታት በሁለቱም ከተሞች ይሥሩ። ውጤቱንም በዕድሜ ለይታችሁ አውጡ፤ ኮምቦልቻ ለሥራ የመጣ ወጣት በበዛባት ቁጥር ድምሩ ብቻውን ያሳስታል።