አንዱን የሚና ጨዋታ ዘግቶ ሌላ ሲጀመር የሚሠሩ ስህተቶች

ለወራት ወይም ለዓመታት የቆየ የጠረጴዛ ላይ የሚና ጨዋታ (ተጫዋቾች እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባህሪ ሆነው አብረው ታሪክ የሚፈጥሩበት) ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ማብቂያው ላይ ነው። ታሪኩን የሚመራው ሰው፣ ጌም ማስተሩ፣ ደክሞታል፤ ተጫዋቾቹ ግን ገጸ ባህሪያቸውን ወደውታል። አሮጌው ካምፔይን (በተከታታይ የሚካሄደው ረጅም ጨዋታ) በወጉ ሳይዘጋ አዲሱ ደህና ጅምር አይኖረውም ባይ ነኝ።

ትልቁ ስህተት ሳይናገሩ ማቆም ነው። "በዚህ ሳምንት አይመቸኝም" ይባላል። የሚቀጥለውም ይዘለላል። ከዚያ ማንም አያነሳውም። ተጫዋቹ እንደ ራሱ ያየው ገጸ ባህሪ የት እንደደረሰ ሳያውቅ ይቀራል፤ ይህ በእውነት ያሳዝናል። ከደከማችሁ በግልጽ ንገሯቸው። "ሦስት ጊዜ ተገናኝተን እንጨርሳለን" ማለት ይበቃል። መጨረሻው ሲታወቅ ተጫዋቾች ይደፍራሉ። የቆጠቡትን አስማት ያወጣሉ፣ ሲሸሹት የኖሩትን ጠላት ይጋፈጣሉ።

ሁለተኛው፣ "የመጨረሻው ደረጃ ካልደረስን" ብሎ ድርቅ ማለት። ታዋቂ በሆነው የሚና ጨዋታ በዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ አምስተኛ እትም ገጸ ባህሪ እስከ 20ኛ ደረጃ ያድጋል። ግዴታ ግን አይደለም። ታሪኩ 9ኛው ላይ ካለቀ፣ አለቀ።

ሁሉንም ቋጠሮ ልፍታ ማለትም ያደክማል። ይልቅ እያንዳንዱን ተጫዋች "ሳናየው ብንጨርስ የሚቆጭህ ምንድን ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ያስገርማችኋል። ዓለምን ሊያጠፋ ከተነሳው ጋኔን ይልቅ፣ በጨዋታው መጀመሪያ ላይ የጠፋችው እህት ልትበልጥባቸው ትችላለች። እሷን አምጧት፤ ሌላው ይቅር። ከፍጻሜው በኋላ ገጸ ባህሪው ምን ሆኖ እንደኖረ ደግሞ ተጫዋቹ ራሱ ይናገር እንጂ እናንተ አትወስኑለት።

አዲሱን በማግስቱ መጀመርም አይመከርም። መሃል ላይ በአንድ ጊዜ ተቀምጦ የሚያልቅ አጭር ጨዋታ አስገቡ። ሌላ ሰው ቢመራው ደግሞ በጣም ጥሩ፤ ጌም ማስተሩም ያርፋል።

ሌላው ስህተት የጨዋታውን ዓለም ለብቻ ሠርቶ ጨርሶ "ኑ ተጫወቱ" ማለት ነው። ከመጀመሪያው ጨዋታ በፊት ለምክክር ብቻ ተቀመጡ። አስፈሪ ይሁን ወይስ ዘና የሚያደርግ? ስንት ወር ይቆይ? የማይነካ ርዕስ አለ? መውጣት የሚፈልግ ሰውም ያለ ይሉኝታ "እኔ በዚህኛው የለሁበትም" የሚልበት ሰዓት ይህ ነው።

ሌላ ሕግ ወዳለው ጨዋታ ከተሻገራችሁ ደግሞ አሠራሩን ቀድማችሁ ሞክሩት። ለምሳሌ በ1981 እ.ኤ.አ. የወጣው አስፈሪ የሚና ጨዋታ ኮል ኦፍ ክቱሉ ከ1 እስከ 100 በሚያወጣ ዳይስ ይጫወታል፤ የሚፈለገው ከችሎታችሁ ያልበለጠ ቁጥር ነው። በዳንጀንስ ኤንድ ድራገንሱ ባለ 20 ገጽ ዳይስ ላይ ትልቅ ቁጥር ሲያይ መጮህ የለመደ ሰው ግራ ይገባዋል። ከዚህም በላይ የሚያስቸግረው የውጊያ ልማድ ነው። እዚያ ጭራቅ ሲመጣ ብዙ ጊዜ የሚያዋጣው መሮጥ ስለሆነ፣ ይህን ገጸ ባህሪ ሳይፈጥሩ በፊት ንገሯቸው።