ፓርኬው ባልተስማሙበት ቫርኒሽ ሲቀባ፦ ከባለሙያው ጋር እንዴት ይጨርሱታል?

በመጀመሪያ ቀጣዩ እጅ (ዙር ቅብ) እንዳይቀባ ያስቁሙ። በተሳሳተው ቅብ ላይ ሌላ እጅ በተደረበ ቁጥር ማንሳቱ ይከብዳል፣ ሥር ምን እንደተቀባ ማረጋገጡም እንዲሁ። ለዚህ ጠብ አያስፈልግም፤ «ቀጣዩን እጅ ከመቀባትዎ በፊት የተጠቀሙበትን አብረን እንይ» ማለት ይበቃል።

ከዚያ ጣሳዎቹ ከቆሻሻ ጋር ሳይወጡ ይያዟቸው። ከጣሳ የበለጠ ማስረጃ የለም። የምርቱን ስም፣ የምርት ቁጥሩን፣ ዘይት መሠረት (በዘይት የተሠራ) ይሁን ውሃ መሠረት (በውሃ የሚቀጥን)፣ ግሎስ (የሚያብለጨልጭ) ይሁን ሳቲን (መካከለኛ) ወይም ማት (የማያብለጨልጭ) የሚለውን ሁሉ ፎቶ ያንሱ። ቫርኒሹ ባለሁለት ክፍል (ከመቀባቱ በፊት ከማጠንከሪያ ጋር የሚደባለቅ) ከሆነ የማጠንከሪያው ዕቃ መኖሩንና መከፈቱን ይመልከቱ፤ ማጠንከሪያ ያልገባበት ቅብ የደረቀ ይመስላል እንጂ ጭረትንና የፈሰሰ ነገርን የመቋቋም አቅሙ ይቀንሳል። ባዶ ጣሳዎቹንም ይቁጠሩ። አንድ ሊትር በአንድ እጅ ከ8 እስከ 12 ካሬ ሜትር ገደማ ይሸፍናል። ስለዚህ 60 ካሬ ሜትር ወለል ሦስት እጅ ተቀብቷል ከተባለ ቢያንስ 15 ሊትር ያስፈልጋል። የተገኘው ባዶ ጣሳ 8 ሊትር ብቻ ከሆነ ጥያቄው ስለ ዓይነቱ ብቻ ሳይሆን ስለ እጁ ብዛትም ነው።

ውሉ ላይ «ቫርኒሽ ይቀባል» ብቻ ተጽፎ ከሆነ የዋጋ ማቅረቢያውን፣ የስልክ መልእክቶችንና አስቀድሞ የታየውን ናሙና ይሰብስቡ፤ ምን እንደተስማማችሁ የሚያሳዩት እነሱ ናቸው።

አሁን ዋናው ነገር፦ ስህተቱ ምን ዓይነት ነው? ሰው ብዙ ጊዜ የሚጎዳው እዚህ ጋ ነው። ቀላሉን ስህተት «ሁሉም ይፋቅ» ብሎ ያከብደዋል፤ ከባዱን ደግሞ «ከላይ አንድ እጅ ልደርብበት» በሚል መልስ ያልፈዋል።

ስህተቱ የማንጸባረቅ መጠን ብቻ ከሆነ፣ ለምሳሌ ማት ተስማምታችሁ ግሎስ ከተቀባ፣ መፍትሔው ቀላል ነው። ዓይን የሚያየው የመጨረሻውን እጅ ስለሆነ እስከ እንጨቱ መፋቅ አያስፈልግም። ቅቡ ሲደርቅ ከ120 እስከ 150 ቁጥር ባለው ብርጭቆ ወረቀት በቀላሉ ይሻከራል፣ አቧራው ይጠረጋል፣ ከዚያ ትክክለኛው ማት አንድ እጅ ይቀባል። ግን አዲስ ቅብ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከወትሮው በላይ ሊያብለጨልጭ ስለሚችል በማግስቱ አይፍረዱ። አንዱ ክፍል አብለጭልጮ ሌላው ከደበዘዘ ደግሞ ምርቱ ትክክል ሆኖ ጣሳው በደንብ ሳይማሰል ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ድምቀቱን የሚቀንሰው ዱቄት ከጣሳው ሥር ይዘቅጣል፤ ስለዚህ መጀመሪያ የተቀዳው ያብለጨልጫል፣ መጨረሻ የተቀዳው ይደበዝዛል።

በውሃ መሠረት ፋንታ ዘይት መሠረት ከተቀባ ነገሩ ሌላ ነው። ዘይት መሠረቱ ፖሊዩሬቴን (ለወለል የሚውል ጠንካራ የቫርኒሽ ዓይነት) እንጨቱን ወደ ማር ቀለም ይወስደዋል፣ ከጊዜ ጋርም ይጠቁራል። ከላዩ ውሃ መሠረት ቢደረብ ቢጫነቱ አይጠፋም። ነጣ ባለ እንጨት ላይ ወይም ነጭ ቀለም በጠጣ ወለል ላይ መፍትሔው እስከ እንጨቱ መፋቅ ብቻ ነው። ወለሉ ጥቁር ቡናማ ከሆነ ግን ልዩነቱ ላይታይ ይችላል፤ እንዲያ ሲሆን ከመፋቅ ይልቅ የዋጋ ቅናሽ መጠየቅ የተሻለ ነው።

ሦስተኛው፣ ከላይ ሽፋን በሚሠራ ቫርኒሽ ፋንታ እንጨቱ የሚጠጣው ዘይት ወይም ሰም መቀባቱ ነው። ለማወቅ ከደረቀ በኋላ ከቁም ሳጥን ጀርባ ወይም ከማይታይ ጥግ ላይ ጥቂት የውሃ ጠብታ ያድርጉና 10 ደቂቃ ይጠብቁ። ጠብታው እንደ ዶቃ ቆሞ ምልክት ካልተወ ሽፋን ሊኖር ይችላል። ሥሩ ከጠቆረ ውሃው ወደ እንጨቱ ዘልቋል፤ ነጭ ነጠብጣብ ከተወ ሰም ሊሆን ይችላል። ፖሊዩሬቴን ሰም ላይ ስለማይጣበቅ ቆይቶ ይላጣል። ባለሙያው «ከላይ ቫርኒሽ እደርብበታለሁ» ካለ እሺ አይበሉ።

ለውጭ በርና መስኮት የተሠራ ቫርኒሽም ወለል ላይ አይሆንም። እንጨቱ በፀሐይና በዝናብ ሲለጠጥና ሲሰበሰብ አብሮት እንዲለጠጥ ተብሎ ለስለስ ብሎ ስለሚሠራ፣ የወንበር እግርና የጫማ ተረከዝ ቶሎ ያበላሹታል። ይህም ይፋቃል።

«ይፋቅ» ከማለትዎ በፊት ግን የእንጨቱን ውፍረት ይለኩ። አንድ ሙሉ ፍቂያ ከግማሽ እስከ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ይወስዳል። 19 ሚሊ ሜትር ድፍን ጣውላ ይህን ደጋግሞ ይችላል። ከላይ ስስ የእንጨት ንጣፍ ብቻ ያለው ተነባባሪ ፓርኬ ላይ ግን ንጣፉ 2 ሚሊ ሜትር ከሆነ አንድ ጊዜ ቢችል ነው፤ ከ1 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ ጨርሶ አይነካም። ውፍረቱ በበር ደፍ ጠርዝ ወይም ከተረፈ ቁራጭ ላይ ይታያል። መፋቅ የማይችል ወለል ላይ የሚጠየቀው ካሳ ወይም ቅናሽ ነው።

ጥያቄዎን በጽሑፍ ያቅርቡ፣ አጭር ይሁን፦

«ሳሎኑ በውሃ መሠረት ማት ፖሊዩሬቴን ሦስት እጅ እንዲቀባ ተስማምተን ነበር። የተቀባው ዘይት መሠረት ግሎስ ነው፤ የጣሳዎቹን ፎቶ አያይዣለሁ። ወለሉ እስከ እንጨቱ ተፍቆ በተስማማንበት ምርት ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንዲቀባ እጠይቃለሁ። መቼ እንደሚጀምሩ እስከ ዓርብ በጽሑፍ ያሳውቁኝ።»

ባለሙያው እንዲያርም ዕድል ሳይሰጡት ሌላ ሰው አያስገቡ፤ ማስረጃው በሌላ ሰው እጅ ይጠፋል፣ «ላስተካክል ስል ከለከሉኝ» የሚል ክርክርም ይከፍታል። ከቀሪው ክፍያ የሚይዙት ከተበላሸው ሥራ ጋር የሚመጣጠነውን ይሁን፤ በትክክል ለተሠራው ይክፈሉ። ጉድለት ስታዩም እንደ ልማዱ ቆማችሁ በተለመደው ብርሃን ተመልከቱ፤ ተንበርክኮ በባትሪ የተገኘ አቧራ ክርክርዎን ያዳክማል።

ለማረም ከተስማማ ዝርዝሩ ይጻፍ፦ የምርቱ ሙሉ ስም፣ ስንት እጅ፣ ዕቃውን የሚያነሳው ማን ነው፣ የግድግዳ ግርጌው እንጨት ቢጫር ወጪው የማን ነው። ፍቂያው በ40 ቁጥር ቢጀምር በ60፣ በ80 ከዚያም በ100 ይቀጥል፤ መሃል ላይ ቁጥር ከተዘለለ የሻካራው ጭረት ከቫርኒሹ ሥር ይታያል። ያልጠነከረ ዘይት መሠረት ቅብ በማሽኑ ሙቀት እየቀለጠ ብርጭቆ ወረቀቱን ስለሚደፍን ባለሙያው ጥቂት ቀን ልጠብቅ ቢል ሰበብ አይደለም። ዘይት የነካቸው ጨርቆች ተከምረው ካደሩ ራሳቸው ግለው ሊቀጣጠሉ ስለሚችሉ ውሃ ባለበት ክዳን ያለው የብረት ዕቃ ውስጥ ይግቡ።

አዲሱ ቅብ ሲያልቅ ወለሉን በቀን ብርሃን ከባለሙያው ጋር ዞረው አይተው ቀሪውን ይክፈሉ። ምንጣፍ ለማንጠፍ ግን ውሃ መሠረቱ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት፣ ዘይት መሠረቱ አንድ ወር ገደማ ይጠብቁ።