ዝይዋ ጠፋች ከማለታችሁ በፊት

ሰማያዊ ክንፍ ያላት ዝይ ከሀገራችን ሌላ የትም አትገኝም። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ገፈርሳ ግድብ ዳር ትታያለች። እንደ ሩቅ ሰሜን ዝይዎች አህጉር አታቋርጥም። ክረምት ሲገባ ግን በመንጋ ሆና ዝቅ ወዳሉ ሜዳዎች ትወርዳለች። ይህን ጉዞ ዝይዋ ላይ በሚታሰር የራዲዮ ማሰራጫ ለመከታተል ካሰባችሁ ልምምዱን መሀል ከተማ ጀምሩት። አንዱ ማሰራጫውን ኪሱ ከትቶ ፒያሳ ይሂድ፤ ሌላው አራት ኪሎ ላይ መቀበያና አንቴና ይዞ ይፈልገው። ሜዳ ላይ ከሚያስቸግራችሁ ነገር አብዛኛው እዚህ ቀድሞ ይመጣል።

ድምፁ ከየአቅጣጫው ይሰማል

ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው። እኔ አራት ኪሎ ቆሜ አንቴናውን ሳዞር ቢፕ ቢፕ የሚለው ድምፅ ከአንድ ፎቅ በኩል ጎልቶ መጣ። ጓደኛዬ ግን የነበረው ከጀርባዬ ነው። ሞገዱ ግድግዳው ላይ ነጥሮ ነበር የደረሰኝ። ገፈርሳ ላይ ደግሞ እንደ ግድግዳው የሚያነጥረው ጋራው ነው።

መፍትሄው የመቀበያውን ጉልበት መቀነስ ነው። ድምፁ ለጥቂት እስኪሰማ ድረስ ዝቅ አድርጉት፤ ከዚያ ቀስ ብላችሁ ሙሉ ዙር ዙሩ። የነጠረው ደካማ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ ይጠፋል። በአንድ አቅጣጫ ብቻ አትመኑ። ቦታ ቀይራችሁ ድምፁ ወደ ጎላበት ሁለተኛና ሦስተኛ መስመር ውሰዱና ካርታ ላይ አስምሩ፤ ማሰራጫው ያለው መስመሮቹ በሚቋረጡበት አካባቢ ነው። መስመሮቹ ወደ 90 ዲግሪ ተጠግተው ቢቋረጡ ጥሩ ነው። ጎን ለጎን የሚሄዱ ከሆነ ትንሽ ስህተት እንኳ ከቦታው በጣም ያርቃችኋል። ጉልበቱን ቀንሳችሁም ከሁሉም አቅጣጫ እኩል የሚጮህ ከሆነ ማሰራጫው አጠገባችሁ ነው። አንቴናውን ነቅላችሁ በባዶ መቀበያ ፈልጉ።

ጭራሽ ድምፅ የለም

ቶሎ «ሞታለች» አትበሉ። ይህ ሞገድ ቀጥ ብሎ ነው የሚጓዘው፤ ኮረብታ ሲጋርደው ይቀራል። ከቸርችል ጎዳና ታች ሆናችሁ ያጣችሁትን ፒያሳ ላይ ስትወጡ ልታገኙት ትችላላችሁ። ስለዚህ መጀመሪያ ከፍታ ፈልጉ። ቀጥሎ ፍሪኩዌንሲውን በትንሹ ወደ ላይና ወደ ታች አዙሩ፤ በደጋው የንጋት ብርድ ማሰራጫው ከፍሪኩዌንሲው ሸርተት ይላል። አንቴናውንም አንዴ አግድም፣ አንዴ ቁም አድርጋችሁ ያዙት። ይቺ ዝይ አንገቷን ጀርባዋ ላይ ጣል አድርጋ መቆም ልማዷ ነው። ማሰራጫው አንገቷ ላይ ከሆነ የራሱ የማሰራጫው አንቴና አቅጣጫ አብሮ ይዞራል፤ ድምፁም ይደክማል። የኬብሉን ጫፍ ነቅነቅ አድርጉት፤ ላልቶ ሊሆን ይችላል።

ሹሹታ ብቻ ነው

ጄኔሬተር፣ የመኪና ሞተር ወይም የኤሌክትሪክ መስመር ነው። ራቅ በሉ። ሞባይላችሁን አጥፉ፤ ማዳመጫ ጆሯችሁ ላይ አድርጉ።

ሰዓቱ አይገጥምም

በጂፒኤስ የሚሠሩት ማሰራጫዎች ሰዓት የሚመዘግቡት በዓለም አቀፉ አቆጣጠር ነው። እኛ ከዚያ 3 ሰዓት እንቀድማለን፤ የሀበሻ አቆጣጠር ደግሞ በ6 ሰዓት ይለያል። ማሰራጫው 9:00 ካለ ከላዩ 3 ቀንሱ፤ ከቀኑ 6 ሰዓት ነው። ማስታወሻችሁን በሀበሻ ሰዓት የምትጽፉ ከሆነ ገጹ አናት ላይ በግልጽ አስፍሩት። ይህ ካልተጻፈ የቀን እንቅስቃሴዋ የሌሊት ይመስላል።

በፀሐይ የሚሞላው ማሰራጫ መላክ አቆመ

ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደመናው ይከለክለዋል። ላባ ሸፍኖትም ይሆናል። ኔትወርክ ከሌለ ብዙዎቹ መረጃውን አጠራቅመው ሲያገኙ ይልካሉ፤ ታገሡ።

ዝይዋ ማሰሪያውን እየነከሰች ከመንጋው ወደ ኋላ ትቀራለች

ከሁሉም በላይ እኔን የሚያስጨንቀኝ ይኼ ነው። ማሰራጫው ከነማሰሪያው ከክብደቷ 3 በመቶ ባይበልጥ ይመረጣል፤ ለ1.5 ኪሎ ዝይ 45 ግራም መሆኑ ነው። ያለ ኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ፈቃድ አንዷንም መያዝ የለባችሁም። ስታስሩም ልምድ ያለው ሰው አጠገባችሁ ይሁን። ከመልቀቃችሁ በፊት ትንሿን ጣታችሁን በማሰሪያው ስር አሳልፉ። አልገባ ካለች ፍቱትና እንደገና እሰሩት።