በጀበና ቅርጽ የመንገድ ዳር ቡና መሸጫ አሠራር

መኪና በተስፋፋባቸው የመጀመሪያዎቹ አሥርት ዓመታት የአሜሪካ የመንገድ ዳር ነጋዴዎች ሰሌዳ ከመስቀል ይልቅ ቤቱን ራሱን የሚሸጡትን ነገር ማስመሰል ጀመሩ። በፔንሲልቬኒያ፣ ቤድፎርድ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1927 የቡና ማፍያ የመሰለ ምግብ ቤት ከነዳጅ ማደያ አጠገብ ተሠራ፤ በ1931 ደግሞ በሎንግ አይላንድ ማርቲን ማውረር የተባለ ዳክዬ አርቢ 6 ሜትር ያህል ከፍታ ያላት የሲሚንቶ ዳክዬ አቁሞ፣ ከሆዷ ውስጥ ዳክዬና እንቁላል ይሸጥ ነበር። ሁለቱም ዛሬም አሉ። ከደጀን እስከ ደብረ ማርቆስ ባለው መንገድ የጀበና ቡና ለመሸጥ ያሰበ ሰው ይህንኑ ዘዴ በአገሩ ዕቃ ሊሠራበት ይችላል።

በቅድሚያ ቦታ ይመረጣል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በሰከንድ 17 ሜትር ያህል ስለሚያልፍ፣ ሾፌሩ አይቶ፣ ወስኖና ፍጥነቱን ቀንሶ እስኪቆም 10 ሰከንድ ቢሰጠው፣ ጀበናው ቢያንስ ከ170 ሜትር ርቀት ላይ ታይቶ መለየት አለበት። በሉማሜ አካባቢ ያለው ሜዳ ለዚህ ይመቻል፤ ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርደው ጠመዝማዛ ግን መኪና የሚያስቆም ነገር ሊሠራበት አይገባም። ከመንገዱ ምን ያህል መራቅ እንደሚያስፈልግ ከማዘጋጃ ቤቱና ከመንገድ አስተዳደሩ ሳይጠይቁ መሠረት አይቆፈርም።

ልኩን ከእውነተኛ ጀበና ይውሰዱ። ቁመቱ 30፣ የሆዱ ስፋት 20 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ በ20 ሲባዛ 6 ሜትር ቁመትና 4 ሜትር ስፋት ይሰጣል። ከዚያም የጀበናውን ግማሽ ገጽታ በሙሉ ልኩ ደልዳላ መሬት ላይ በኖራ ሥለው፣ በመስመሩ ላይ ችካል እየተከሉ ባለ 10 ሚሊ ሜትር ፌሮ በችካሎቹ ላይ ያጉብጡ። ሁሉም ፌሮዎች በዚያው መስመር ከጎበጡ ሆዱ አይንጋደድም። ብዙ ሠራተኛ በዓይን ገምቶ ማጉበጥ ይቀናዋል፤ ያንን አይፍቀዱ፤ ምክንያቱም ጀበናን ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቅ መንገደኛ ትንሿን መዛነፍ እንኳ ከሩቅ ይለያል።

መሠረቱ ክብ ሆኖ እንደ ማቶት ከመሬት ከፍ ይላል። 12 የጎበጡ ፌሮዎች በዙሪያው ተተክለው፣ በየ30 ሳንቲ ሜትሩ በቀለበት ይታሰራሉ፤ ከውስጥም ከውጭም የዶሮ ሽቦ ይለበጥባቸዋል። ለመወጣጫ የእንጅባራ ቀርከሃ ይበቃል፤ ስለሚበሰብስ ግን በልስኑ ውስጥ በፌሮ ፋንታ መግባት የለበትም። እንዲህ ያለ ከባድ ነገር ሰው የሚቀመጥበት ስለሆነ የብረቱን ውፍረት መሐንዲስ ያረጋግጠው።

ልስኑ 1 እጅ ሲሚንቶ ለ2 እጅ የታጠበ አሸዋ ሆኖ፣ ውኃው ያነሰ፣ በእጅ ሲጨበጥ ቅርጹን የሚይዝ መሆን አለበት። አንዱ ከውስጥ ሰሌዳ ደግፎ ሲይዝ ሌላው ከውጭ እየገፋ ሽቦውን ሙሉ በሙሉ ያልብሱት፤ የታየ ሽቦ ይዝጋል። ሥራውን ከጥቅምት ወዲህ ማድረግ ይሻላል፤ ይሁን እንጂ የበጋው ፀሐይና ነፋስ ልስኑን ቶሎ ስለሚያደርቁት፣ በእርጥብ ጆንያ ሸፍነው ቢያንስ ለ7 ቀን ውኃ ያጠጡት።

አንገቱ የጭስ መውጫ ይሁን። ውታፉን ከቆርቆሮ ሠርተው በብረት እግሮች አንድ ስንዝር ከፍ ቢያደርጉት ዝናብ ሳይገባ የሚቆላው ቡና ጭስ ይወጣል፤ ሽታውም ከማንኛውም ሰሌዳ የበለጠ ይጣራል። በሩ ጠባብና ቅስት ሆኖ ወደ መኪና ማቆሚያው ይዙር።

ቀለሙ ጥቁር ቢሆን ሙቀት ይስባል፤ ደጋ ላይ ግን ይህ አያስከፋም። የማውረር ዳክዬ ዓይኖች የፎርድ ሞዴል ቲ የኋላ መብራቶች ናቸው፤ እዚህ ግን ቀይ መብራት ሌላ ሾፌር ሊያሳስት ስለሚችል፣ አንገቱን ከታች ወደ ላይ የሚያበራ ነጭ መብራት ይምረጡ። ጆሮው ከሆዱ ጋር የሚጋጠምበት ቦታ ቶሎ ስለሚሰነጠቅ፣ በየዓመቱ ሰኔ ሳይገባ ይፈተሽና ስንጥቁ በቀጭን የሲሚንቶ ልስን ይደፈን።