የኤንጋዲን ሸለቆ በብስክሌት፦ ችግርና መፍትሄ

በስዊዘርላንድ ምሥራቃዊ ጥግ፣ በግራውቡንደን ካንቶን፣ ከማሎያ እስከ ማርቲና የሚዘልቀው የኤንጋዲን ሸለቆ ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። ላይኛው ጫፉ 1,815 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ ታችኛው ከ1,000 ሜትር ብዙም አይበልጥም። መካከሉን ይዞ የሚፈሰው ኢን ወንዝ ቲሮልንና ባቫሪያን አልፎ ፓሳው ከተማ ላይ ከዳኑብ ጋር ይገናኛል። ካርታውን ለሚያይ ሰው ወንዙን ተከትሎ መውረድ የሰነፍ ሥራ ይመስላል። መንገዱ ላይ ግን ዓመት በዓመት የምሰማው ቅሬታ አንድ ዓይነት ነው፤ ተከሳሹም ወይ ብስክሌቱ ነው ወይ ጉልበት። እኔ ግን ሸለቆውን ራሱን እከሳለሁ፤ ጠባዩን ያላወቀ ሰው አላግባብ ይደክማል።

ከዚህ በታች ሰዓት የምጠራው እንደ አገራችን አቆጣጠር ነው። የአውቶቡስና የባቡር ሰሌዳ ሲያነቡ እኔ በምጠራው ሰዓት ላይ ስድስት መጨመርዎን አይርሱ፤ በዚህች ምክንያት ባቡር ያመለጠው ሰው አውቃለሁ።

«መንገዱ ሜዳ ነው፤ ብስክሌቱ ግን አልገፋ አለኝ»

ከምሳ በኋላ ከሳሜዳን ተነሥተው ወደ ማሎያ እየሄዱ ነው። በቅዱስ ሞሪትዝ ሐይቅና በማሎያ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት 50 ሜትር እንኳ አይሞላም። ቢሆንም ፔዳሉ ድንጋይ የታሰረበት ያህል ይከብዳል። ፍሬኑ ቸርኬውን ይዞት ይሆን ብለው ይወርዱና ጎማውን አንሥተው ያሽከረክሩታል። ያለ እንከን ይሽከረከራል።

የያዝዎት የማሎያ ነፋስ ነው። በአብዛኛው የተራራ ሸለቆ ቀን ላይ ነፋስ ከታች ወደ ላይ ይነፍሳል፤ ፀሐይ ያሞቀችው አየር ወደ ተራራው ይሳባልና። በላይኛው ኤንጋዲን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ማሎያ እንደ ደረጃ የተቆረጠ ቦታ ነው፦ በኤንጋዲን በኩል ሜዳ፣ በአጎራባቹ በብሬጋሊያ ሸለቆ በኩል ግን ጥምዝምዝ ቁልቁለት። ከብሬጋሊያ ሽቅብ የሚመጣው አየር የሚያግደው ግድግዳ ስለሌለ የተራራውን በር አልፎ ወደ ኤንጋዲን ይፈስሳል። ስለዚህ ቀን ላይ የሚነፍሰው ከላይ ወደ ታች ነው። ፀሐያማ በሆነ ቀን ከረፋዱ 5 ወይም 6 ሰዓት አካባቢ ይነሣና እስከ አመሻሹ ይቆያል። ሲልቫፕላና ሐይቅ ላይ ሰዎች በሸራ እየተጎተቱ ውኃው ላይ ሲንሸራተቱ ካዩ ሌላ ምልክት አያስፈልግዎትም።

መፍትሄው ሰዓት ነው። ወደ ማሎያ የሚሄዱ ከሆነ ማለዳ ይነሡና ከ5 ሰዓት በፊት ይድረሱ። ዘግይተው ከሆነ ከሳሜዳን እስከ ቅዱስ ሞሪትዝ ባቡር አለ። ከዚያ በላይ ያለው አውቶቡስ ብቻ ነው፤ ለብስክሌት ያለው ቦታ ግን ጥቂት ስለሆነ አስቀድመው ይጠይቁ። ሁለቱም ካልሆኑ ማርሹን ያቅልሉ፣ ጎንበስ ይበሉ፣ ጓደኛ ካለዎትም ተራ በተራ እየቀደማችሁ ነፋሱን ተካፈሉት። ከነፋሱ ጋር እልህ መጋባት ግን ትርፉ ድካም ነው።

ሸለቆው ሌላም ተንኮል አለው። በታችኛው ኤንጋዲን የቀኑ ነፋስ እንደማንኛውም ሸለቆ ከታች ወደ ላይ ነው። ከማሎያ ተነሥቶ በአንድ ቀን ስኩኦል እገባለሁ የሚል ሰው ረፋዱ ላይ በነፋሱ እየተገፋ ይወርድና ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ፊቱን ይመታዋል። እኔ ጉዞውን ለሁለት ከፍሎ ዙኦትስ ወይም ዘርኔትስ ማደርን እመርጣለሁ፤ የታችኛው ክፍል በማግሥቱ ማለዳ ሌላ አገር ነው።

«ወንዙን ተከትዬ እየወረድሁ ዳገቱ ለምን በዛብኝ?»

ይህ ቅሬታ የሚመጣው ከዘርኔትስ በታች ነው። ከዚያ ወዲያ ወንዙ ጥልቅ ገደል ውስጥ ይገባል። መንደሮቹ ደግሞ እሱን ተከትለው አልወረዱም፤ ፀሐይ በሚያገኘው በሰሜኑ ተዳፋት እርከን ላይ ተቀምጠዋል። የብስክሌቱ መንገድም የሚሄደው ወደ መንደሮቹ ነው። ላቪን 1,412 ሜትር ላይ ነው፤ ቀጥሎ ያለው ጓርዳ 1,653። ከ240 ሜትር በላይ ወጥተው ወደ አርዴትስ ይወርዳሉ፤ ከዚያ ወደ ፍታን እንደገና ይወጣሉ።

ጉዞውን ሲያቅዱ የመነሻና የመድረሻ ከፍታ ማወዳደር አይበቃም፤ በመንገዱ ላይ የሚወጣው ዳገት በድምሩ ስንት እንደሆነ ይመልከቱ። በባቡር አልፈዋለሁ የሚል ካለም ይጠንቀቅ፦ የጓርዳ ባቡር ጣቢያ ያለው ከመንደሩ ሥር፣ ሸለቆው ወገብ ላይ ነው። እዚያ የወረደ ሰው ዳገቱን አላመለጠም።

ጉልበትዎ ከፊት ለፊት፣ ከሎሚው በላይ ወይም በታች ካመመዎት ሁለት ነገር ይጠርጥሩ፤ ወይ ኮርቻዎ ዝቅ ብሏል፣ ወይ በከባድ ማርሽ እየታገሉ ነው። ሕመሙ ከጉልበት ኋላ ከሆነ ኮርቻው ከፍ ብሎ ይሆናል። በአንድ ጊዜ ከግማሽ ሴንቲ ሜትር በላይ አያንሡት፣ አያውርዱትም። ማርሽን በተመለከተ ከቤት ሳይወጡ ጥርስ ይቁጠሩ። የፊተኛው ትንሹ 34፣ የኋለኛው ትልቁም 34 ቢሆን ፔዳሉ አንድ ዙር ሲዞር ጎማውም አንድ ዙር ይዞራል። ሻንጣ ለጫነ ሰው ይህ ጣሪያው ነው፤ የኋለኛው ከፊተኛው ቢበልጥ ጉልበትዎ ያመሰግንዎታል።

ጓርዳ ከደረሱ በኋላ ግን አይቸኩሉ። የቤቶቹ ልስን እየተፋቀ የተሠራው ጌጥ ዳገቱን ያስረሳል። መንደሯ የተጠበቀ ገጽታዋ እ.ኤ.አ. በ1975 ለቅርስ ጥበቃ የሚሰጠውን የቫከር ሽልማት አስገኝቶላታል። ከመንደር ምንጭ ጠርሙስዎን ይሙሉ፤ «ካይን ትሪንክቫሰር» የሚል ጽሑፍ ካለበት ግን አይጠጣም ማለት ነው። ሰው ሲያገኙ «አሌግራ» ይበሉ። የአካባቢው ቋንቋ የሮማንሽ ሰላምታ ነው፤ በጀርመንኛ «ጉተን ታግ» ከሚለው ይልቅ ፊት ያበራል።

«አዲስ አበባ ተወልጄ እዚህ ትንፋሽ አጠረኝ»

ይህን የሚሉ ወገኖቼ ብዙ ናቸው፤ አባባሉም የሚያሳፍር አይደለም። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ቅዱስ ሞሪትዝ 1,800 ገደማ። ነገር ግን ዙሪክ ወይም ጄኔቫ ዓመታት የኖረ ሰው ከ400 ሜትር አካባቢ ነው የሚመጣው። ሰውነት ለከፍታ ያበጀውን ደም በሳምንታት ውስጥ ይመልሰዋል፤ የትውልድ ቦታ አያስቀርለትም። በ1,800 ሜትር የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለል በአንድ አምስተኛ ገደማ ይቀንሳል። የመጀመሪያውን ቀን በሐይቆቹ ዙሪያ ቀስ ብለው ያሳልፉ። ከፍ ያሉትን በሮች ሲወጡ ራስ ምታት ከማቅለሽለሽ ጋር ከመጣ መድኃኒቱ መውረድ ነው።

«ፍሬኑ እጄ ላይ ጠፋ»

ሸለቆውን ከሌላው ዓለም የሚያገናኙት በሮች፣ ጣርማ በር እንደምንለው ያሉ ማለቴ ነው፣ ከፍተኞች ናቸው፦ በርኒና 2,328፣ አልቡላ 2,312፣ ፍሉኤላ 2,383 ሜትር። ከፍሉኤላ እስከ ሱሽ መንደር ከ950 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው።

አንድ ጊዜ ሁለት ሻንጣ ጭኜ በዚሁ ቁልቁለት ስወርድ ፍሬኑን ከአናት እስከ ግማሽ መንገድ ሳልለቅ ያዝሁት። መጀመሪያ ጮኸ፤ ቀጥሎ የተቃጠለ ነገር ሸተተ። በመጨረሻ እጀታው መሪውን እስኪነካ ድረስ ገባ፤ ብስክሌቱ ግን እየፈጠነ ነበር። የቆምሁት በሣር ዳርቻ እንጂ በፍሬን አይደለም።

የዚህ ምክንያት ፍሬኑ ደካማ ሆኖ አይደለም፤ ሳያርፍ መሥራቱ ነው። ያለ ዕረፍት የተያዘ የፍሬን ሸራ ይግላል፤ በዘይት በሚሠራ ፍሬን ሙቀቱ ወደ ዘይቱ ይተላለፋል፣ ዘይቱ ከፈላም እጀታው ባዶ ይሆናል። ቸርኬን በሚይዝ ፍሬን ደግሞ የጋለው ቸርኬ ካላማዳሪውን ሊያፈነዳው ይችላል።

ስለዚህ በቀጥታው መንገድ ይለቀቅ፤ ከመታጠፊያው በፊት በሁለቱም ፍሬን ጠበቅ አድርገው ይቀንሱ፣ ታጥፈው ይልቀቁ። ሽታ ከመጣ ይቁሙ፣ ፎቶ ያንሡ፣ ዲስኩን አይንኩ፣ ውኃም አያፍሱበት፤ በድንገት የቀዘቀዘ ብረት ይጣመማል። ከቀዘቀዘ በኋላ መጮኹን ካልተወ የሸራው ፊት ተቃጥሎ እንደ መስተዋት ለስልሷል ማለት ነው፤ በብርጭቆ ወረቀት ፋቅ ፋቅ ማድረግ ብዙ ጊዜ ይመልሰዋል። የሸራውን ውፍረት የሚያዩት ግን ከታች ሆነው፣ ከመውጣትዎ በፊት ነው።

በፍጥነት ሲወርዱ መሪው መንቀጥቀጥ ከጀመረ ጉልበትዎን ከላይኛው ብረት ጋር አጣብቀው በቀስታ ይቀንሱ። መሪውን አንቆ መያዝ ያባብሰዋል። ሲቆሙ ጭነቱን ያስተካክሉ፤ ሁሉም ከኋላ፣ ያውም ከፍ ብሎ ታስሮ እንደሚያገኙት እገምታለሁ።

ሌሎች፣ በአጭሩ

ዳገት ላይ አልቦዎት ወዲያው ሲወርዱ ብርድ ቢያንቀጠቅጥዎ የላቡ ሥራ ነው። በየ1,000 ሜትሩ ከ6 ዲግሪ በላይ የሙቀት ልዩነት አለ። በሩ አናት ላይ ደረቅ ልብስ ይቀይሩ፤ ከሌለ ጋዜጣ አጥፎ ደረት ላይ ማድረግ የድሮ ብስክሌተኞች ዘዴ ነው፣ ዛሬም ይሠራል።

በጎች የሚጠብቁ ነጫጭ ውሾች እየጮኹ ቢመጡ ወርደው ብስክሌቱን በመካከል ያድርጉና ቀስ ብለው ይሂዱ። ሮጦ ማምለጥ አይሞከርም።

ዘርኔትስ አጠገብ ያለው ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1914 የተመሠረተ ነው፤ በእግር መንገዶቹ ላይ ብስክሌት ፈጽሞ አይፈቀድም። ወደ ኦፈን በር የሚያልፈው የመኪና መንገድ ብቻ ነው የእርስዎ።

«ማርቲና ደረስሁ፤ ከዚህ ወዴት?»

ሸለቆው እዚህ ይጠብባል። ወደ ኦስትሪያዋ ናውደርስ ለመሻገር 11 ጥምዝ ያለው ዳገት 1,405 ሜትር ላይ ወዳለው ኖርበርትስሄ ያወጣል። ከጉልበት በፊት ግን ወረቀትዎን ይመልከቱ። ቢ ወይም ሲ የመኖሪያ ፈቃድ ከጸና ፓስፖርት ጋር የያዘ ሰው ለአጭር ጊዜ መሻገር ይችላል። ኤን (የጥገኝነት ጠያቂ) ወይም ኤፍ (በጊዜያዊነት የተቀበሉት ሰው) ፈቃድ የያዘ ግን ልዩ የጉዞ ፈቃድ ሳይኖረው ከስዊዘርላንድ መውጣት አይፈቀድለትም፤ ድንበሩ ላይ ጠባቂ ባያዩ እንኳ። ባቡሩም ስኩኦል ላይ ያበቃል። ልቀጥል ወይስ ልመለስ የሚለውን እዚያው ይወስኑ።