ሰርተፊኬት ኖሯችሁ የሥራ ልምድ ለሌላችሁ የአይቲ ጀማሪዎች

እንደ ኮምፕቲያ ኤ ፕላስ ወይም ሲሲኤንኤ ያለ ሰርተፊኬት ይዛችሁ በሲቪያችሁ ላይ የሥራ ልምድ የሚለው ክፍል ባዶ ከሆነባችሁ፣ ሌላ ሰርተፊኬት ከመጨመራችሁ በፊት ራሳችሁ አበላሽታችሁ ራሳችሁ የጠገናችኋቸውን አምስት ስድስት ብልሽቶች መዝግባችሁ አያይዙ።

ቨርቹዋልቦክስ (በኮምፒውተራችሁ ውስጥ ሌሎች ምናባዊ ኮምፒውተሮችን የሚያስነሳ ፕሮግራም) በነፃ ይገኛል፤ የዊንዶውስ ሰርቨር የሙከራ ቅጂም ለ180 ቀናት ያለ ክፍያ ይሠራል። በእነዚህ አንድ ሰርቨርና ከእሱ አገልግሎት የሚቀበል አንድ ኮምፒውተር (ክላየንት) ካስነሳችሁ በኋላ፣ ለምሳሌ ለኮምፒውተሮች የኔትወርክ አድራሻ የሚያድለውን የዲኤችሲፒ አገልግሎት ሆን ብላችሁ አቁሙና ክላየንቱ የያዘውን አድራሻ አስለቅቃችሁ ለማደስ ሞክሩ፤ ክላየንቱ ከሰርቨሩ መልስ ሲያጣ በ169.254 የሚጀምር አድራሻ ለራሱ ይሰጣል። ተጠቃሚው ችግሩን በምን ቃል እንደሚያመለክት፣ እናንተ መጀመሪያ ምን እንደፈተሻችሁ፣ የትኛው ግምታችሁ እንዳልሠራ፣ በመጨረሻም ምክንያቱንና መፍትሔውን ከግማሽ ገጽ ባልበለጠ ጻፉ። ያልሠራውን ግምት እንዳትሰርዙት፤ በእኔ አስተያየት ከመዝገቡ ሁሉ ዋጋ ያለው እሱ ነው።

ይህ የሚጠቅመው የሄልፕ ዴስክ ሠራተኛ የዕለት ሥራ በአብዛኛው ይኸው ስለሆነ ነው፦ ቅሬታ መቀበል፣ መፈተሽ፣ መመዝገብ። ሰርተፊኬቱ ማወቃችሁን ሲመሰክር፣ መዝገቡ ደግሞ እንዴት እንደምታስቡ ያሳያል፤ በቃለ መጠይቅ ላይ «የፈታችሁትን አንድ ችግር ንገሩን» ስትባሉም የምትናገሩት አታጡም።

ሆኖም ይህን በሥራ ልምድ ስም አታቅርቡት፤ «የግል የቤተ ሙከራ ሥራ» ብላችሁ ለይታችሁ ጻፉት። የሰርተፊኬት ፈተና ጥያቄዎችንም ሆነ በልምምድ የቆያችሁበትን መሥሪያ ቤት የይለፍ ቃልና የኔትወርክ ንድፍ በፍጹም አታስገቡበት።